ይህን ሰው ያውቁታል?

ሰኞ፣ 30 ቀን ቀርቷል

አዲሱን ፕሮግራም ጫንኩት። ያመጣልኝ ኬብል ነው። ኬብል የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ እኔ በምሠራበት መዝገብ ቤት ውስጥ ዋና ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። "ሠላሳ ቀን በነፃ ሞክረው፤ ከዚያ አሮጌውን ዓይኔ አይየው ትላለህ" አለኝ። አሮጌው የፎቶ ማደራጃዬ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎኛል፣ ግን እርጅና ተጫጭኖታል። አንድ ፎቶ እስኪከፍት ገላን ታጥቦ መመለስ ይቻላል።

አርባ አንድ ሺህ ፎቶ አለኝ። ሰው ሲጠይቀኝ እንደ ቀልድ አድርጌ ነው የምናገረው፣ ውስጤ ግን ይኮራል። የሆስፒታሉ ጣሪያ ላይ የሚሰፍሩ እርግቦች፣ በሮች፣ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ጫማ፣ የአባዬ እጆች ከነመጋዙ። ቀን የሰው ካርድ ስደረድር ውዬ ማታ የራሴን ፎቶ እደረድራለሁ። ኃላፊዬ "አንተ ሰውዬ መንግሥተ ሰማያት ብትገባም መላእክቱን በፊደል ተራ ነው የምታሰልፋቸው" ትለኛለች።

ፕሮግራሙ "የቀድሞ መዝገብዎ ወደ አዲሱ ይቀየራል፤ ይቀጥሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ቀጥል አልኩት። ጥግ ላይ ትንሽ ቀይ ቁጥር አለች፣ 30 ትላለች፣ በየቀኑ አንድ ትቀንሳለች። የዚህንም ደብተር ቀን በእሷ ልቁጠር።

ማክሰኞ፣ 29

ጉድ ነው። "ዝናብ" ብዬ ብጽፍ ዝናብ ያለበትን ሁሉ ሰብስቦ አመጣልኝ። እኔ ምልክት ያላደረግኩበትን እንኳ! ተመሳሳይ ፎቶዎችን በአንድ ላይ ይከምራል፣ የደበዘዘውን ለይቶ ያወጣል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

የሰው ፊት ይሰበስባል። አንድ ገጽ ላይ ፊቶቹን በክብ በክብ ይደረድርና "ይህን ሰው ያውቁታል?" ይላል። አማርኛውን የፖሊስ መርማሪ የተረጎመው ይመስላል። አዎ ወይም አይ ትለዋለህ። የምድጃችንን መክፈቻ ቁልፍ አምጥቶ "ይህን ሰው ያውቁታል?" አለኝ። ለአባዬ ብነግረው እስኪያስለው ሳቀ። "አውቀዋለሁ በለው፣ ስንት ዘመን አቃጥሎኛል" አለ።

አባዬ ማያ ገጹን አያይም። የዓይን ሞራ ሁለቱንም ጋርዶበታል፤ ጥላና ብርሃን ብቻ ነው የሚለየው። ቀዶ ጥገናው የዛሬ አራት ሳምንት ሰኞ ነው። "ዓይኔ እንደተከፈተ መጀመሪያ እናትህን ታሳየኛለህ" ብሎኛል። ሙሉውን አልበም ለሱ ላዘጋጅ ነው። እህቴም ካለችበት ከተማ ሆና እንድታይ የጋራ አልበም ውስጥ አስገባኋት። ወዲያው ልብ ላከችልኝ።

ሐሙስ፣ 27

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ፊት አምጥቶ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፣ ጋሼ ብዬም ስሙን ጻፍኩለት። የታላቅ ወንድሜ ፊት ነው፣ ጋሼ እያልን ነው ያደግነው። ከዚያ የሃያ ዓመቱን አመጣ። ከዚያ በአናጢ ሽርጥ ከአባዬ ጎን የቆመበትን። ሁሉንም አዎ።

ከዚያ ከረባት ያሰረ፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ሰው። "ይህስ ያው ሰው ነው?"

ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። 

ዓርብ፣ 26

ትናንት ያልጻፍኩትን ልጻፍ።

ያ ፎቶ የእማዬ ቀብር ነው። እህቴ ያን ሳምንት ወልዳ ተኝታ ስለነበር መምጣት አልቻለችም፤ "ሁሉን ነገር አንሳልኝ፣ አብሬያችሁ የነበርኩ እንዲመስለኝ" ብላ ለምናኝ ነው ያነሳሁት። ከግድግዳው በኩል ያሉትን ፎቶዎች ያኔ ጠርዛቸውን ቆርጬ ነበር። በአሮጌው ፕሮግራም የቆረጥኩት ሁሉ ግን ወደ አዲሱ አልተሻገረም። ኦሪጅናሉ ከነጠርዙ ተመልሶ ወጥቷል። አሥራ ዘጠኝ ፎቶ ላይ ጋሼ አለ።

ጋሼ በቀብሩ አልተገኘም ነው የሚባለው። ይህን ቤታችን ውስጥ የማያውቅ የለም። እማዬ ከመሞቷ ሁለት ዓመት በፊት ጋሼ ከአባዬ የእንጨት ሥራ ቤት ወጥቶ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የራሱን ከፈተ። ደንበኛው ግማሹ ተከተለው። አባዬ መጋረጃ ሰቅሎ ያን በር ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ይሠራ ነበር። ከቀብሩ መልስ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። "እኔን ይጥላ፤ በእናቱ ቀብር ያልቆመ ግን ልጄ አይደለም" አለ። ጋሼም ብዙ ሳይቆይ ዕቃውን ጭኖ ከተማውን ለቀቀ። ስድስት ዓመት።

ያኔ ዝም ያልኩት የአባዬ ልብ ደካማ ስለነበር ነው። ሐኪሙም አታስደንግጡት ብሎ ነበር።

ቅዳሜ፣ 25

ከጠዋት ጀምሬ አሥራ ዘጠኙንም እንደገና ቆረጥኳቸው። አንድ በአንድ። ጨርሼ የፊቶቹን ገጽ ስከፍት ያው ክቡ ውስጥ ቁጭ ብሏል። የምትቆርጠው የሚታየውን እንጂ ፋይሉን አይደለም፤ ፕሮግራሙ ፊት የሚፈልገው ኦሪጅናሉ ላይ ነው፤ የጋራ አልበሙም የሚያሳየው ኦሪጅናሉን ነው። ከሥራችን ጋር አንድ ነው፣ እኛም የበሽተኛን ካርድ አንጥልም፣ ወደ ኋላ መደርደሪያ ነው የምናዞረው።

መሰረዝ? የእማዬ ሳጥን ያለበትን ፎቶ የሚሰርዝ እጅ የለኝም።

አባዬ ከወዲያ ክፍል "ምንድነው ዛሬ ዝም አልክ?" አለኝ። ሥራ ነው አልኩት።

ሰኞ፣ 23

ኬብልን ጠየቅኩት። ወደ አሮጌው መመለስ ፈልጌ ነው አልኩት።

"አሮጌው የአዲሱን መዝገብ አይከፍትም። ከመቀየርህ በፊት ቅጂ አስቀርተሃል?"

"አላስቀረሁም።"

"በቃ ገብተሃል ወንድሜ፣ በሩ ወደ ውስጥ ብቻ ነው የሚከፈተው" ብሎ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብሬው እስቅ ነበር። "ደግሞ ምን ጎደለህ? ሁሉም ሰው ወዶታል" አለኝ። ምንም አልጎደለኝም አልኩት።

ረቡዕ፣ 21

መፍትሔ አገኘሁ። ፊቱን በቀኝ ስትጫነው "ይህን ሰው ከሁሉም ቦታ ይደብቁ?" የሚል አለ። አዎ አልኩት። ክቡ ጠፋ። ቀብሩ ላይ ያሉትም ፎቶዎች ጠፉ። ለአንድ ሳምንት ያጣሁትን እንቅልፍ ዛሬ ልተኛው ነው።

ሐሙስ፣ 20

እህቴ ጻፈችልኝ። "የእማዬ ፎቶዎች የት ገቡ? መስኮቱ ጋ የተቀመጠችበት፣ ያ የምወደው፣ የለም።"

ከሥራ መልስ አየሁት። እውነቷን ነው። ሦስት መቶ አርባ ፎቶ ጠፍቷል። ጋሼ ያለበት ሁሉ ተደብቋል፣ ጋሼ ያለበት ማለት ደግሞ እማዬ ያለችበት ማለት ነው። ከሱ ተለይታ የተነሳችው ጥቂት ነው። መስኮቱ ጋ ባለው ፎቶ እንኳ እጇ ትከሻው ላይ ነው። እኔ ከፎቶው ጀርባ ነበርኩ፣ ሁሌም ካሜራውን የምይዘው እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ 19

መልሼ ገለጥኩት። ምን ላድርግ? አባዬ ዓይኑ ሲከፈት "ሚስቴ የት አለች" ቢለኝ ምን እላለሁ?

ቀይዋ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ሆናለች። አሥራ ዘጠኝ ፎቶ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። እንዲህ ያለ ነገር ማስተዋል ጀምሬያለሁ፣ ደህና አይደለሁም።

እሑድ፣ 17

እህቴ ደወለች። አባዬ አጠገቤ ስለነበር ወደ ጓሮ ወጣሁ።

"ቀብሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ማነው?"

"የመቃብሩ ዘበኛ ይሆናል።"

"ከረባት የሚያስር ዘበኛ አይተህ ታውቃለህ?"

"እኔ እንጃ። ብዙ ሰው ነበር።"

ልጇ ከኋላ የሆነ ነገር ስትጠይቃት ይሰማኛል። "ደግሞ ያኔ ለእኔ የላክህልኝ ላይ ያ ግድግዳ እንኳ የለም" አለች።

"ለማሳመር ብዬ ቆርጬው ነው። ፎቶ ይቆረጣል፣ ሁሉም ሰው ይቆርጣል" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ አባዬ ከውስጥ "ማነው የሚጣላህ?" አለ።

ማክሰኞ፣ 15

የአንዲት እናትን ካርድ ለሌላ ሴት ሰጠሁ። ሐኪሙ ጋ ከመድረሷ በፊት ኃላፊዬ አየችው። አልተቆጣችኝም። "አንተ እኮ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ካርድ አሳስተህ አታውቅም። ቤት ውስጥ ሰው ታሟል?" አለችኝ። አባቴ ዓይኑን ሊሠራ ነው አልኳት። "እሱ ደስታ ነው እንጂ!" አለች።

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነርሶች "ያ አባቱን የሚጦር ልጅ" ሲሉ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ልጅ ነው መውለድ፣ ተባባሉ። ፈጠን ብዬ አለፍኩ።

ረቡዕ፣ 14

እህቴ ድጋሚ ደወለች። አጉልታ አይታዋለች። ታለቅስ ነበር። "ጋሼ ነው! መጥቶ ነበር! ስድስት ዓመት ሙሉ እርግማን ያወረድኩበት ወንድሜ መጥቶ ነበር!"

ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "እኔም ያየሁት አሁን ነው። ፕሮግራሙ ነው ያገኘው" አልኳት።

"እንዴት ያኔ አላየኸውም?"

"ሰው በእናቱ ቀብር ማንን ያያል?"

አመነችኝ። እንዲያውም አዘነችልኝ። "እውነትህን ነው፣ አንተም እኮ ልብ አልነበረህም" አለች። "ለአባዬ ዓይኑ ሲከፈት እናሳየዋለን። እኔም እመጣለሁ። በቃልማ ብንነግረው አያምንም፣ በዓይኑ ይየው። ያ ፕሮግራም ይባረክ!"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ መተንፈስ ቻልኩ። እውነት ነው የምለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንደዚህም ሊያልቅ ይችላል። ጋሼ ይመለሳል፣ አባዬ ይደሰታል፣ ማንም ሰው አይጎዳም።

ቅዳሜ፣ 11

የምለውን እየተለማመድኩ ነው። "አባዬ፣ አዲሱ ፕሮግራም ፊት ይለያል። ስሞክረው ሳለ በአጋጣሚ..." በአጋጣሚ የምትለዋ ቃል እያነቀችኝ ነው። "እንዲያው ሳየው" ይሻላል።

እሑድ፣ 10

አባዬን ጸጉሩን ስከረክመው "አንተ ብቻ ቀረህልኝ" አለኝ። በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይለዋል። ድሮ ስሰማው ደስ ይለኝ ነበር። ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር፣ ይኸው ጻፍኩት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ሌላ ከተማ ካለ ትልቅ ሆስፒታል የመዝገብ ኃላፊ ሆነህ ና ተብዬ ነበር። አባዬን ማን ይይዘዋል ብዬ ቀረሁ። የዚያን ዓመት አንዲት ልጅም ነበረች፤ እሷም ጠብቃ ጠብቃ ሰለቻት። ሁሉንም ነገር ልጁ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው ያጣሁት። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለቴ አነበብኩት።

በዚያ ቀን የሆነው ይህ ነው። ጋሼ የመቃብሩ በር ላይ አገኘኝ። የደወልኩለት እኔ ነኝ፣ ያልደወልኩ እንዳይመስል። ሊገባ ሲል ክንዱን ያዝኩት። "አባዬ ቢመጣ አያምርበትም ብሏል፣ አይቶህ አንድ ነገር ቢሆን በአንድ ቀን ሁለት ሳጥን እንሸከማለን" አልኩት። አባዬ እንዲያ አላለም። ሊል ይችል ነበር ግን። ጋሼ እሺ አለ። ምንም አልተከራከረኝም። "ግድግዳው ጋ ልቁም?" ብሎ ፈቃድ ጠየቀኝ፣ እኔን፣ ታናሹን። ቁም አልኩት፤ ከሰዉ ርቆ ነው፣ አባዬም ያኔ ሩቁ ይደበዝዝበት ጀምሮ ነበር።

ማታ "አንዱ ልጄ ብቻ ነበር የቆመልኝ" ሲል አባዬ እጄን ይዞ ነበር። ያን እጅ እንዴት ብዬ ላስለቅቀው?

ረቡዕ፣ 7

ጎረቤታችን ሴትዮዋ ልትጠይቅ መጥታ ከአባዬ ጋር ሲያወሩ ከወጥ ቤት ሰማሁ። "ትልቁ ልጅዎስ፣ ስለ ዓይንዎ ሰምቷል?" አለችው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ አባዬ ወሬ ይቀይር ነበር። ዛሬ ግን፣ "እሱ የሠራው በር ድምፅ አልነበረውም። ስትከፍቺው እንደ አየር ነው" አላት።



ዓርብ፣ 5

ፕሮግራሙ አስጠነቀቀኝ። "ሙከራዎ ሲያልቅ ፎቶዎችዎን ማየት ይችላሉ፤ መቁረጥ፣ መደበቅና ማስተካከል ግን አይችሉም።"

ይሁን።

ሰኞ፣ 2

ተሠራ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ለጊዜው የቀኙን ብቻ ነው የሠሩት። እህቴ ትናንት ገብታለች፤ ኮሪደሩ ላይ ከኔ ይልቅ እሷ ናት የቆመችው፣ እኔ ለኃላፊዬ ካርድ ልስጥ ብዬ እየወጣሁ ነበር። አባዬ በፋሻ ታሽጎ ወጣ። "ማነው የያዘኝ?" አለ። እኔ ነኝ አልኩት። "አወቅኩ፣ አንተ ነህ" አለ።

ማክሰኞ፣ 1

ፋሻው ተነሳ። ሐኪሟ ጣቷን ስታሳየው ቆጠረ። ከዚያ እህቴን አይቶ "ወፍረሻል" አላት፣ ሁሉም ሳቀ። እኔን ግን ትኩር ብሎ አየኝ። "ሸብተሃል እኮ" አለኝ። ነገ ፎቶዎቹን እናያለን ተባባልን።

ረቡዕ፣ 0

ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው አውርጄ አባዬ አልጋ ጎን አስቀመጥኩት። እህቴ ከወዲህ፣ እኔ ከወዲያ። እማዬን በወጣትነቷ፣ እማዬን መስኮቱ ጋ። አባዬ ማያ ገጹን በመዳፉ ይነካዋል። ጋሼ ባለበት ሲደርስም ቶሎ ቀይር አላለኝም።

ከዚያ ቀብሩ መጣ። እህቴ መታገሥ አልቻለችም። "አባዬ፣ ግድግዳው ጋ እየው! ጋሼ ነው፣ መጥቶ ነበር! አዲሱ ፕሮግራም ነው ያገኘው፣ ማናችንም አላየነውም ነበር!"

እኔም የተለማመድኩትን ተናገርኩ። እንዲያው ሳየው፣ አልኩ።

አባዬ "አጉላው" አለኝ። አጎላሁት። የጋሼ ፊት ማያ ገጹን ሞላው፣ ከረባቱ ወደ ጎን ዞሯል፣ ዓይኑ ቀይ ነው። አባዬ ጎንበስ ብሎ ያልተሠራውን ዓይኑን በእጁ ይዞ ብዙ ጊዜ ቆየ። እያለቀሰ መስሎኝ ነበር።

"የሚያየው እናቱን አይደለም" አለ። "ካሜራውን ነው የሚያየው።"



"ማን ነበር የያዘው?"

እህቴ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "እኔ" አልኩ።

"የጠፋው የኔ ዓይን ነበር። ያንተ ደህና ነበር" አለ አባዬ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ እችላለሁ፣ ለቁጣ ልብህን ጠብቅ እለዋለሁ።

ከዚያ "ደውልለት" አለኝ።

ጋሼ ስልኩን ቀይሯል፣ አይገኝም ብዬ ነበር ለሁለቱም የነገርኳቸው። እርግጥ ቀይሯል። በየዓመቱ እማዬ በሞተችበት ቀን ከአዲሱ ቁጥር ይደውልልኛል፣ እኔም እስኪያቆም ድረስ አየዋለሁ እንጂ አላነሳም። ስልኬ ላይ በስም አልመዘገብኩትም። መመዝገብም አላስፈለገኝም፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ በቃሌ መታሁት፣ አባዬ ደግሞ በአዲሱ ዓይኑ ጣቶቼን ያይ ነበር።